በግንቦት ልደታ የወለቀ ጎማ

ባለፈው እሑድ ጠዋት፣ ሰንጋ ተራ ከምኖርበት ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ልብስ ሳሰጣ፣ ከታች ከመኪና ማቆሚያው የግራሶና የቤንዚን ሽታ መጣብኝ። ጎንበስ ብዬ ሳይ፣ ሁለተኛ ፎቅ የሚኖረው ሚኪያስ የሚባል ወጣት መኪናውን በክሪክ አንስቶ የኋላ ጎማዋን አውልቋል። ሰሞኑን ያቺ መኪና ገና ከሜክሲኮ ስትታጠፍ ጀምሮ ኡኡታዋ ይሰማ ነበር፤ ጎማዋ የሚሽከረከርበት የኋላ ኩሽኔታዋ እንዳለቀ እኔ ከአልጋዬ ሆኜ አውቄያለሁ፣ የጠየቀኝ ሰው ግን የለም። ጥቂት ቆይቶ የሕንፃው ኮሚቴ ሰብሳቢ ቱታውን እንደለበሰ ወጣና ይጮህበት ጀመር። “ይሄ ግቢ ጋራዥ አይደለም! ደንብ አለ!” ልጁ በግራሶ የተለወሰ እጁን እያሳየ “ጋሼ፣ ሊያልቅልኝ ነው እኮ፣ ትንሽ ብቻ” ቢለው፣ ሰውዬው መሬት ላይ የተዘረጉትን መፍቻዎች በእግሩ ገፋቸው። “እግርህን ከሰው ዕቃ ላይ አንሳ!” ብዬ ከላይ ጮህኩ። ቀና ብሎ አየኝ። “እትዬ አስካለ፣ እርስዎን አይመለከትም።” “ይመለከተኛል!” አልኩና መስኮቱን በኃይል ዘጋሁት። ሌላው ሰው ሠርቶ እንዳይበላ ደንብ የሚጠቅስ ሰው ሳይ የሚይዘኝ ንዴት ዛሬ የመጣ አይደለም።

ሰዎች ስለ ድሮው ጌጃ ሰፈር ሲያወሩ እሰማለሁ። “ያኔ ፍቅር ነበር፤ የአንዱ ልጅ የሁሉም ልጅ ነበር” ይላሉ። ለእነሱ ሆኖላቸው ይሆናል። እኔም ያማረውን አልረሳሁም። ሻይ በስሙኒ የሚጠጣበትን፣ ብርጭቆው በሙቅ ውሃ ተለቅልቆ የሚቀርብበትን የጥጉን ሻይ ቤት አስታውሳለሁ። ቆርቆሮ ቀጥቃጮቹ ረፋዱ ላይ ባልዲና ማንቆርቆሪያ መሥራት ሲጀምሩ ሰፈሩ ከዳር እስከ ዳር ይንኳኳ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ጎረምሶቹ እግሩ የሰፋ ሱሪያቸውን በከሰል ካውያ ተኩሰው፣ ጎፈሬያቸውን አበጥረው ወደ ሜክሲኮ ይወርዱና ካሴት ቤቱ ደጃፍ ቆመው፣ አንድም ሳይገዙ፣ አዲስ የወጣውን ዘፈን ሁሉ አጥንተው ይመለሱ ነበር። እኔና ባለቤቴ ደስታም ተደግፈን የሰማንበት ግድግዳ ነበረን። ዛሬ ያ ግድግዳ የት ጋ ነበር ብባል በጣቴ ማሳየት አልችልም፤ መስታወት የለበሰ ሕንፃ ቆሞበታል፣ ከሥሩ ባንክ፣ ከላዩ ማን እንደሚገባበት የማላውቀው ቢሮ። ሰፈሩ ሲፈርስ ብዙ ሰው አለቀሰ። እኔ አላለቀስኩም።

ግቢው የአማቴ የእማማ በላይነሽ ነበር። እሳቸው ከመንገዱ በኩል ባለው ትልቁ ቤት ከበኩር ልጃቸው ከሽፈራው ጋር፣ እኔና ደስታ ደግሞ ከጓሮ ባለችው ባለ አንድ ክፍል ቤት ከሕፃን ልጃችን ጋር እንኖር ነበር። ሽፈራው የባሌ ታላቅ ወንድም ነው፤ የአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ሠራተኛ፣ የዕድሩ ጸሐፊ፣ ሁልጊዜ ኮቱን የቆለፈ ሰው። ሚስቱ ጥላው ሄዳለች። ለምን እንደሄደች ጠይቄ አላውቅም፤ ኋላ ላይ መጠየቅም አላስፈለገኝም። ያኔ ግን ታላቄ ነውና “ጋሼ” እለው ነበር፣ “አንተ” እያልኩ፣ እንደ ወንድሜ። ደስታ የጣሊያን ሥሪት የሆነች ትንሽ ክሬም መኪና ነበረችው። መንዳት ያስተማረኝ በእሷው ነው፤ እሑድ እሑድ ወደ አሮጌው አየር ማረፊያ በሚወስደው ገላጣ መንገድ ላይ፣ እኔ በሸራ ጫማ ፍሬኑን እየረገጥኩ፣ እሱ “ቀስ፣ ቀስ፣ አታባሪያትም እኮ” እያለ። መኪናዋን ሌላ ሰው ሲነካበት አይወድም። ፍሬኑንም፣ ኩሽኔታውንም፣ ሁሉንም እዚያው ግቢ ውስጥ ኬሻ አንጥፎ ራሱ ነበር የሚቀይረው። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ፒንሳ አቀብላለሁ፣ ዳዶ በቤንዚን አጥባለሁ፣ እሱ የሰማውን ዘፈን ግጥሙን እያጣረሰ ያንጎራጉራል። ትምህርት ነው ብሎ ያስተማረኝ ነገር የለም፤ ሲሠራ ግን አየው ነበር።

ጉበቱን ታሞ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ሠልስቱ በወጣ ማግሥት፣ ድንኳኑ ገና ሳይነቀል፣ ሽፈራው ወደ ጓሮ መጣና በሬ ላይ ቆመ። እኔ ከል ለብሼ፣ ፊቴ በለቅሶ አብጦ፣ መሬት ላይ ተቀምጫለሁ። “ቁልፉን ስጪኝ” አለኝ። “የምን ቁልፍ ጋሼ?” “የመኪናዋን። ሴት ልጅ ብቻዋን መኪና ይዛ ምን ትሆናለች?” ቁልፉ ደረቴ ውስጥ ነበር። “ልጄን ላሳድግበት” አልኩት። ዞሮ ሄደ፤ ዕቃውን ሌላ ቀን ሊወስድ እንዳስቀመጠ ሰው ነበር አካሄዱ። አርባው እንደወጣ ሥራ ጀመርኩ። የሰፈሩን ነጋዴዎች ልጆች ጠዋት ትምህርት ቤት አደርሳለሁ፣ ከሰዓት እመልሳለሁ። ስድስት ልጅ ከነቦርሳው እንደ ድንች ነበር የሚጫነው፤ አንዱ በአንዱ ጭን ላይ። ከልጄ ጋር የምንበላው ከዚያ ነበር፤ ሌላ ምንም አልነበረንም።

የኋላ ቀኝ ጎማ መጮህ የጀመረው ያን ዓመት በጋው ሲያልቅ ነው። መጀመሪያ እንደ ሩቅ ንብ፣ ከዚያ ፍጥነት ስጨምር እንደሚያለቅስ ሰው፣ ኩርባ ላይ ደግሞ አንዴ ጎላ አንዴ ዝም። እማማ በላይነሽ ጠዋት ጠዋት ነጠላቸውን አጣፍተው ደጃፋቸው ላይ ይቆሙና መኪናዋ ከግቢ ስትወጣ ጆሯቸውን ሰጥተው ያዳምጣሉ። አንድ ቀን ለጎረቤቶች “የልጄ መኪና አዘነች። እኔ የማለቅሰውን ታለቅሳለች። እሷ ግን ጭና ትዞራለች” ሲሉ ሰማኋቸው። እሷ የተባልኩት እኔ ነኝ። የእሳቸው የእናት አንጀት ነው፣ እሺ። ሽፈራው ግን በዚያ ለቅሶ ነገደበት። ከወላጅ ወላጅ እየዞረ “ጎማው ሊነቀል ነው፤ አንድ ቀን ልጆቻችሁን ገደል ትከትባችኋለች” ይላቸው ጀመር። ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ጋራዥ ብሄድ ባለቤቱ ዓይኔን ሳያይ “እህቴ፣ የቤተሰብ ጣጣ ውስጥ አልገባም። የውርስ ክርክር ያለባትን መኪና እንዳትነኩ ተብለናል” አለኝ። ማን እንዳለው መጠየቅ አላስፈለገኝም። ክርክርም አልነበረም፤ ሽፈራው ብቻ ነበር።

እንግዲያው ራሴ እቀይረዋለሁ አልኩ። ሶማሌ ተራ ወርጄ የመለዋወጫ ሱቆቹን እየዞርኩ ጠየቅኩ። ከሻጮቹ አንዱ ሁለቱን ኩሽኔታ፣ የውስጡንና የውጭውን፣ በወረቀት ጠቅልሎ እያሳየኝ “ባልሽ ነው የላከሽ?” አለኝ። “አዎ” አልኩት። ከዚያ ከሌን አየ። አንድ እፍኝ ግራሶ በፌስታል ቋጥሮ ጨመረልኝ። ያን ዓመት ከወንድ ሰው ያገኘሁት ደግነት ይህ ብቻ ስለሆነ እነሆ እስካሁን አልረሳሁትም።

ቀኑን ግንቦት ልደታ ያደረግኩት አውቄ ነው። የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ይውላል፤ ከዚያ ደግሞ ለማታው ንፍሮ ሽር ጉድ ይላል። ሽፈራው ቤት እንደማይኖር ስለማውቅ፣ ግቢው ጭር ሲል የደስታን ካኪ ሱሪ ከቀሚሴ ሥር ለበስኩና ኬሻ አነጠፍኩ። የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ ደገፍኩ። የኋላውን ቡሎኖች ጎማው መሬት ሳይለቅ አላላሁ፣ በክሪክ አነሳሁ፣ ክሪክ አይታመንምና ከሥር ግንድ አስገባሁ። ጎማውን በእጄ ብነቀንቀው ጠጠር እንደሚፈጭ ወፍጮ ተንኳኳ። ጎማውን አውልቄ፣ ከመሐሉ ያለችውን ክዳን በካቻቢቴ ፈንቅዬ፣ ዳዶው እንዳይፈታ የምትሰካውን ቀጭን ሽቦ መዝዤ፣ ሁሉንም በቦታው ከሚይዘው ከትልቁ ዳዶ ጋር ትግል ገጠምኩ። አልነቃነቅ አለኝ። እዚህ ላይ ነው በአጥር የምትጎራበተኝ ዘሃራ፣ የወሎ ሴት፣ ባሏ ብረት በያጅ የሆነ፣ ከአጥሩ በላይ ብቅ ያለችው። “ምን ታደርጊያለሽ አንቺ ሴት?” ነገርኳት። ረጅም የብረት ቱቦና መዶሻ ይዛ መጣች። ቱቦውን መፍቻው ላይ ሰክተን ሁለታችንም ብንንጠለጠልበት ዳዶው ጮኾ ለቀቀ።

ጎማው የሚታሰርበት የፍሬን ታምቡር ግን እምቢ አለ። እስኪያልበኝ ጎተትኩት። ለካ የእጅ ፍሬኑን ይዤዋለሁ፤ ደስታ ሁልጊዜ አስቀድሞ የሚለቀውን። ስለቀው ታምቡሩ እጄ ላይ መጣ። የውጭው ኩሽኔታ ብትንትኑ ወጥቶ ነበር፤ ሾጣጣ ብረቶቹ ጠቁረው ተላልጠዋል። የኩሽኔታውን አሮጌ ቀለበት ከታምቡሩ መትቶ ማውጣት ሲቀር መዶሻውን አነሳሁና እጄ አየር ላይ ቆመ። ልደታ ነው፣ ብረት አይቀጠቀጥም። ከሩቅ የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ ይሰማል። ዘሃራ ሳቀችና መዶሻውን ነጠቀችኝ። “ወዲህ በይ። እኔን በዓሉ አይመለከተኝም። አንቺ ያዢልኝ፣ የምመታው እኔ ነኝ።” እሷ መታች፣ እኔ ዙሪያውን እያዞርኩ ያዝኩ። አሮጌው ወጣ፣ አዲሱ ቀለበት ሳይጣመም ገባ። ግራሶውን በመዳፌ እየደለቅኩ በአዲሶቹ ኩሽኔታዎች መሐል ሳስገባ፣ ሽታው የደስታን እጅ አመጣብኝና ለመጀመሪያ ጊዜ ሳላለቅስ አስታወስኩት።

ሽፈራው የመጣው ያኔ ነው። ከካህናቱ ጋር ቆሞ የዋለበትን ነጭ ነጠላ እንዳጣፋ በሩን ከፍቶ ገባና አየን።

“ምን እየሠራሽ ነው?”

“ኩሽኔታ እየቀየርኩ ነው ጋሼ።”

“በልደታ ቀን? የእናቴ ግቢ ውስጥ?”

“ነገ ትምህርት አለ። ልጆቹን ማድረስ አለብኝ።”

“ልጆቹ አሳብ አይሁኑብሽ” አለ፣ ረጋ ብሎ። “ከወላጆቹ ጋር ተነጋግሬያለሁ። ከነገ ወዲያ የማደርሳቸው እኔ ነኝ። በዚችው መኪና፣ በደህና ጋራዥ አሠርቼ።”

ለካ መኪናዋን ብቻ አልነበረም የፈለገው። ሥራዬንም ወስዶ ጨርሷል። እኔ አፌን ከፍቼ ሳለሁ ጎንበስ አለና፣ ዕቃዎቹን በተራ ካስቀመጥኩበት ጨርቅ ላይ ያን ትልቁን ዳዶ አነሳ። በመሀረቡ ጠቅልሎ ኮት ኪሱ ከተተው። “ይሄ እኔ ጋ ይቆያል። ከበዓሉ በኋላ ሽማግሌ ይነጋገርበታል።”

“አላህ ያያል ሽፈራው!” አለች ዘሃራ።

“አንቺ የበዓሉም የቤቱም ሰው አይደለሽም” አላትና ወጣ።

ዳዶ ከሌለ ጎማው በመጀመሪያው ኩርባ ይወጣል። ያን ዕለት ሱቅ ሁሉ ዝግ ነው። ጠዋት ካልደረስኩ ደግሞ ወላጆቹ “እውነቱን ነው” ይሉና ያበቃል። ቢሆንም ሥራዬን አላቆምኩም፤ ግራሶ መከላከያውን ገጠምኩ፣ ታምቡሩን መለስኩ፣ የውጭውን ኩሽኔታ አስገባሁ። ልጄን ዘሃራ ጋ አስቀመጥኩና እጄን ሳልታጠብ ወደ መንገድ ወጣሁ።

ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። ከግቢያችን ፊት ባለው ጠባብ መንገድ ላይ ሰፈሩ ሁሉ ተሰብስቧል። የንፍሮው ብረት ድስት በሦስት ጉልቻ ላይ ይንተከተካል፤ ሴቶቹ ዳቦ ይዘው፣ ሕፃናቱ ዙሪያውን እየሮጡ፣ ዳቦ ቆራሹ ጋሽ ወልዴ ሊመርቁ ተነሥተዋል። እማማ በላይነሽ በርጩማ ላይ ናቸው። ሽፈራው ከመሐል ቆሞ ሰውን ቦታ ቦታ ያስይዛል። እኔ በካኪ ሱሪና በጥቁር ቀሚስ፣ እስከ ክርኔ ግራሶ ሆኜ ስደርስ ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየኝ።

“አቶ ሽፈራው” አልኩት። “ኪስዎ ውስጥ ያለውን ይስጡኝ።”

አቶም እርስዎም ብዬው አላውቅም። አማቴ “አቶ አለችው!” ብለው አፋቸውን ያዙ።

“ምን አለ በኪሴ? ሂጂ ታጠቢ፣ ሰው ፊት አትዋረጂ።”

“የመኪናዬ ዳዶ አለ።”

“የወንድሜ መኪና!”

“የወንድምዎ አፈር ሳይደርቅ ቁልፉን የጠየቁኝ እርስዎ ነዎት። ሲታመም ግን ሐኪም ቤት ይዘውት የሄዱበት ቀን የለም፤ በዚያች መኪና ያመላለስኩት እኔ ነኝ። አሁን ደግሞ የልጁን ምግብ ኪስዎ ከተው ንፍሮ ሊበሉ ነው።”

ጋሽ ወልዴ በከዘራቸው መሬቱን መታ አደረጉ። “ሽፈራው፣ ካለ ስጣት። ከሌለ ደግሞ ዛሬ ቀኑ ልደታ ነው፤ የለኝም ብለህ በስሟ ማል።” ሽፈራው እናቱን አየ። እናቱ መሬት አዩ። መማል አልደፈረም። መሀረቡን አወጣና ፈታው፤ የሚሰጠኝ መስሎኝ እጄን ስዘረጋ፣ ዳዶውን አጠገቡ ወዳለው ክፍት ቦይ ወረወረው። የሰፈሩ እጣቢ ሁሉ የሚወርድበት፣ ጥቁር፣ የሚሸት ቦይ። “ያውልሽ። ሰጥቻለሁ” አለ።

ቦዩ ዳር በሆዴ ተኛሁ። እጄን እስከ ትከሻዬ ከተትኩ። ጭቃ፣ ላባ፣ የሳጠራ ስባሪ፣ ጠርሙስ፤ አንዴ ጠርሙሱ ጣቴን ቆረጠኝ። ጠዋት ጠዋት ልጆቻቸውን የማደርስላቸው እናቶች እዚያው ቆመው ነበር። ባሌ የቀብር ድንኳን ሲተክልላቸው የኖሩ ወንዶች ቆመው ነበር። የበዓል ልብሳቸው እንዳይቆሽሽ ሰበሰብ አሉ እንጂ አንድም እጅ አልተዘረጋም፤ ማል ያሉት ጋሽ ወልዴ እንኳ ዳቦው ላይ ማማተብ ጀመሩ። ያኔ ፍቅር ነበር ሲሉኝ የሚመጣብኝ ይሄ ነው፤ ከራሴ በላይ የሚሰማው “አሜን” እና ከጣቶቼ ሥር የሚያንሸራትተው ጭቃ። ዳዶውን ሳገኘው ተነሥቼ ለማንም ሳላሳይ ገባሁ። በቤንዚን አጠብኩት። ታምቡሩን እያዞርኩ አጠበቅኩት፣ ትንሽ መልሼ አላላሁት፣ አዲስ ሽቦ ሰካሁ። ደም ከጣቴ እየወረደ ስለነበር ክዳኑን የመታችው ዘሃራ ነች፤ ጎማውን አብረን መለስን።

በማግሥቱ ሞተሩን ሳስነሳ ከሞተሩ በቀር የሚሰማ ነገር አልነበረም። እማማ በላይነሽ እንደ ልማዳቸው ደጃፋቸው ላይ ቆመዋል። መኪናዋ በፊታቸው አለፈች። ጆሯቸውን አዘነበሉ፣ ጠበቁ፣ ከዚያ የግቢው በር ላይ ስቆም ተጠግተው በመስኮቱ ጎንበስ አሉና “ዝም አሰኘሽው” አሉኝ። ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር። እኔ ማርሽ አስገብቼ ወጣሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታም አልሰጡኝም። ወላጆቹ አንዳንዱ ልጁን እንደ ሌባ እየገላመጠ ሰጠኝ፤ አንዷ የጫማ ነጋዴ ሚስት መጀመሪያ ራሷ ተሳፍራ እስከ ሜክሲኮ ደርሳ ከተመለሰች በኋላ “ደህና ናት” ብላ ለሌሎቹ ነገረች። ሥራው ቀጠለ። ሽፈራው ሽማግሌ አልላከም። በአንድ ግቢ፣ በአንድ ቧንቧ፣ በአንድ በር ዓመታት ስንወጣ ስንገባ ኖርን፤ እሱ “አንቺ” እያለ፣ እኔ “እርስዎ” እያልኩ። በልቤ ግን አንድ ቀን አንቱ ብዬው አላውቅም።

ከዓመታት በኋላ ሰፈሩ ለልማት ሊፈርስ ነው ተባለ። ግድግዳችን ላይ በቀይ ቀለም ምልክት ተደረገ፤ እኔ እዚህ ሰንጋ ተራ ደረሰኝ፣ ለእነሱ ጀሞ። ዕቃቸውን በአይሱዙ ጭነው ሲጨርሱ ሽፈራው ወደ ጓሮ መጣ። ፀጉሩ ነጭ ሆኗል፤ ኮቱ ግን እንደተቆለፈ ነው። ያን ጊዜ ቁልፍ በጠየቀኝ ቦታ ላይ ቆሞ “እናቴ አይሱዙ ላይ መውጣት አትችልም። ወገቧ ተይዟል” አለኝ። እባክሽ አላለም። እኔም እሺ አላልኩም። ቁልፌን አንስቼ ወጣሁ። እማማን የኋላ ወንበር ላይ በትራስ ደግፈን አስቀመጥናቸው፣ እሱ ከጎኔ ተቀመጠ። ከጌጃ ሰፈር እስከ ጀሞ ሦስታችንም አልተነጋገርንም። ቡልዶዘሮቹን አለፍን፣ አቧራውን አለፍን። ሳር ቤትን ስናልፍ አማቴ እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ አፋቸው ተከፍቶ እንደ ሕፃን ይተነፍሱ ነበር። መንገዱ አዲስ ስለሆነ መኪናዋ ሳትንገጫገጭ ትሄድ ነበር። ሽፈራው ወደ ውጭ እያየ ቆየና፣ ሕንፃዎቹ ሲታዩ፣ ጉሮሮውን ጠራርጎ “ድምፅ የላትም እኮ” አለ።

ምናልባት ያ የእሱ ይቅርታ ነበር። ከዚያ በላይ ማለት እንደማይችል አውቅ ነበር፤ እንዲልም አልረዳሁትም። ብሎኩ ፊት ለፊት አቆምኩ። ዞሬ የኋላውን በር ከፈትኩና አማቴን በብብታቸው ይዤ ቀስ አድርጌ አወረድኳቸው፤ ደረጃው ላይ አስቀምጬ ነጠላቸውን አስተካከልኩላቸው። ወደ መሪው ስመለስ እሱ አሁንም ተቀምጧል፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ የምመልስለትን እየጠበቀ።

“ደርሰናል አቶ ሽፈራው” አልኩት። “ይውረዱ።”

እስኪወርድ ድረስ ፊት ለፊቴን እያየሁ ጠበቅኩ።